የወፏ ምትክ

አገሩ የት ነው እንዳትሉኝ፤ አልናገርም። ስሙን ብነግራችሁ ነገ ተነስታችሁ ትሄዱና ሰዎቹን ታሳፍሯቸዋላችሁ። በተራራ የታጠረ፣ ሹም የሞላበት ከተማ ነው ካልኳችሁ ይበቃል። ሹም ያልሞላበት ከተማ የምታውቁ ካላችሁ ደግሞ እናንተ አውሩ፣ እኔ ላዳምጥ።

በዚያ ከተማ አንድ መጽሐፍ አለ። በድሮ ዘመን አንድ ሽማግሌ ከከተማው ሥር ባለው ሸለቆ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ያየውን አየሁ የሰማውን ሰማሁ እያለ የጻፈው ነው። ስለ ጉሙ ጽፏል፣ ስለ ፏፏቴው ጽፏል፣ ስለ ቢራቢሮው፣ ስለ ዋርካው፣ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ስለሚሞቀው እንሽላሊት ሳይቀር ጽፏል። እውነቴን ነው፣ ስታነቡት አፍንጫችሁ ላይ ጤዛ ያረፈ ይመስላችኋል። የከተማው ሰው ይህን መጽሐፍ ወደደው። መውደዱስ ባልከፋ፤ ልክ አጣ እንጂ። መጀመሪያ ትልቅ የንባብ አዳራሽ ሠሩለት። ቀጥሎ፣ ከሸለቆው የሚነፍሰው ነፋስ ገጹን እየገለበጠ አንባቢ አስቸገረ ተባለና ወደ ሸለቆው የሚያዩት የአዳራሹ መስኮቶች በጭቃ ተመረጉ። ሰዉም አዳራሹን እያየ የየቤቱን መስኮት መረገ። ስለ ሸለቆው አብዝተው ለማንበብ ብለው ሸለቆውን ማየት ተዉ ማለት ነው። እኔ ምንም አልልም፤ የሆነውን ነው የማወራው።

በዓመት አንድ ቀን ግን፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከተማው በሙሉ ሸለቆው አፋፍ ላይ ይሰበሰባል። የንባብ ቀን ይሉታል። የንባብ ሹሙ ጓንጉል ሰገነት ላይ ቆሞ መጽሐፉን ያነባል፤ የተጻፈው ነገር ሁሉ ስሙ ሲጠራ እንደ ተጠራ ሰው «አቤት» ብሎ መታየት አለበት። ድሮ ይታይ ነበር አሉ። ውሎ ሲያድር ግን ጉሙ መቅረት ጀመረ። ምንጩን የሚጠርገው ሰው ስለጠፋ ፏፏቴው ከሳ። ቢራቢሮዎቹም ሳይሰናበቱ ሄዱ። ከጎረቤት አገር እንግዳ ይመጣል፤ እንግዳ ጠርቶ ባዶ ሸለቆ ማሳየት ደግሞ ውርደት ነው። ስለዚህ ለቀረው ሁሉ ምትክ ይሾምለት ጀመር። እርጥብ ገለባ የሚያጨስ ሰው ተሾመ፤ ክቡር ጉም ይባላል። ከአለቱ ጀርባ ተደብቆ በእንስራ ውኃ የሚያንቆረቁር ተሾመ፤ ክቡር ፏፏቴ ይባላል፣ ወገቡን ያመዋል። ቢራቢሮዎቹ ከወረቀት ተቆርጠው በክር ይወዛወዛሉ። እንሽላሊቱን ማን እንደሚተካው አልጠየቅኩም፤ ይሉኝታ ያዘኝ።

አሁን ወደ ሰውዬው ልምጣ። ዘርጋው የወፏ ምትክ ነበር። መጽሐፉ «ጎህ ሲቀድ ወፏ ከዋርካው ጫፍ ድምጿን አሰማች፤ ሸለቆውም መለሰላት» ይላል። በቃ፣ ሌላ የለውም። ወፏ ከሄደች ዘመን አልፏል፤ ድምጿን የሰማ ሰው በሕይወት የለም። ከሽማግሌው በኋላ የተነሱ ተርጓሚዎች ግን «ድምጿን አሰማች ሲል፣ እንደ ዋሽንት ማለቱ ነው» ብለው ወሰኑ። እንዴት እንዳወቁ እነሱን ጠይቁ። ዘርጋው ፉጨቱን ከአጎቱ ወረሰ፣ አጎቱም ከአጎቱ። ሲያፏጭ ደግሞ፣ ሐሰት ምን ያደርግልኛል፣ ልብ ይሰርቃል። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘው ባርኔጣውን አንስቶ «ክቡር ወፍ፣ እንደምን አደሩ» ይለዋል። ከዋርካው ሥር ያለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤትም ከሹመቱ ጋር የምትሰጥ ናት፤ የወፍ ቤት ትባላለች።

«ሸለቆውም መለሰላት» የሚለውስ? ጥሩ ጠየቃችሁ። ሸለቆው መመለስ ትቷል። የገደል ማሚቶ የሚሰጠው ትልቁ ቋጥኝ አዳራሹን ለመሥራት ተፈልጦ አለቀ። ስለዚህ ለመልሱም ምትክ ያስፈልግ ነበር። እሷ አንጓች ናት። ከማዶ ከድንጋይ ጀርባ ተቀምጣ፣ ዘርጋው ያፏጨውን ለስለስ አድርጋ ትመልሳለች። እሱ ሲያፏጭ እሷ ስትመልስ፣ እሱ ሲያፏጭ እሷ ስትመልስ፣ በመጨረሻ ሽማግሌ ላከና ተጋቡ። አንጓች ምላሷ ስል ነው፤ «ባሌ ሳላገባው በፊት የነገረኝ ነገር ቢኖር ፉጨት ብቻ ነው፣ ካገባሁት በኋላም አልጨመረበትም» ትላለች። ግን ትወደዋለች፤ እሱም ያውቃል።

አንድ ጠዋት፣ የንባብ ቀን ገና ሩቅ ሳለ፣ ዘርጋው ለልምምድ ዋርካው ላይ ወጣ። ጫፉ አጠገብ ሁለት ቅርንጫፍ መሃል የተጋደመች ሳንቃ አለች፤ ላይዋ ላይ አጎቱ ያወረሰው የበግ አጎዛ ተነጥፏል። ተቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አፏጨ። ከማዶ መልስ ሳይመጣ ጆሮው ሥር አንድ ድምፅ ፈነዳ። ምን ልበላችሁ? ዘይት ቀምሶ የማያውቅ የበር ማጠፊያ ሲከፈት ሰምታችሁ ይሆናል፤ እሱን ነው። ዘርጋው ከሳንቃው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ዞር ሲል አንዲት ጭራዋ የተንጨባረረ ግራጫ ወፍ የአጎዛውን ጸጉር በአፏ እየነጨች ነው። ቀና ሲል ደግሞ ከራሱ በላይ ጎጆ ተጀምሯል፤ ግማሹ የአጎቱ አጎዛ ነው።

«ቦታው ተይዟል» አላት። ሌላ ምን ይበላት? ዕድሜውን ሙሉ ወፍ ሆኖ ሲኖር ከወፍ ጋር አውርቶ አያውቅም። ወፏ ያንኑ የበር ማጠፊያ ደገመችለት። ይባስ ብሎ ከማዶ፣ ከአንጓች በኩል መልስ መጣ። የመጣው ግን ለእሱ ፉጨት አልነበረም፤ ሲጢጥ ብሎ ነው የመጣው።

ቤት ሲደርስ አኩርፎ ነበር። ለማን እንደ መለሰች ጠየቃት።

«ላንተ ነዋ፤ ጉንፋን የያዘህ መስሎኝ» አለችው። ዝንጅብል ጥዳ ነበር የጠበቀችው።

ነገሩን ሲነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እሱ ግን አልሳቀም። ሰው በወፍ ይቀናል ወይ ብትሉኝ፣ ይቀናል። ያን ሁሉ ዘመን እሱ ሲጠራ ብቻ የመለሰች ሴት፣ ለአንዲት ጉሮሮዋ ለዛገ ወፍ ሳታመነታ መለሰችላት። እስኪ እናንተ በሆናችሁና ዝንጅብሉ ይወርድላችሁ እንደሆነ ልይ።

ሸለቆው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ያየ ሁሉ ለንባብ ሹሙ ማመልከት ግዴታው ነውና ዘርጋው አመለከተ። ጓንጉል ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን እወቁለት። መጽሐፉን በቃሉ የሚያውቅ፣ በየመስመሩ የሚያለቅስ ሰው ነው። ከተርጓሚዎቹ ጋር ሆኖ ዋርካው ሥር መጣና ወፏን ፈተናት። ስሟን ጠየቃት፣ ከየት እንደመጣች ጠየቃት፣ በማን ፈቃድ እንደሆነ ጠየቃት። ወፏም ነጭ ቆቡ ላይ ኩሷን ጣል አድርጋ መለሰች። ተርጓሚዎቹ ይህን መልስ ለመተርጎም ትንሽ ተቸገሩ።

ከዚያ ሸንጎ ተቀመጡ። ወፏ የመጽሐፉ ወፍ አይደለችም ተባለ። ማስረጃው ምንድን ነው? ማስረጃው ዘርጋው ነው። የመጽሐፉ ወፍ ኖራ ቢሆን ለምን ምትክ ይሾምላት ነበር? ምትክ ካለ ወፍ የለችም፤ ወፍ ከሌለች ይህቺ ሌላ ናት። ይህን የሰማ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም ነቅንቄያለሁ፣ ለሌላ ምክንያት ቢሆንም። ግን ሸንጎው ርኅራኄ አለውና አንድ ዕድል ሰጣት። ዘርጋው ፉጨት ያስተምራት፤ ከቻለች ረዳት ወፍ ተብላ ትሾማለች።

እንግዲህ በየጠዋቱ ሰውዬው ይወጣል፣ ያስተምራል። ያፏጫል፤ ወፏ አንገቷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ ታዳምጠዋለች። ደግሞ ያፏጫል፤ አንገቷን ወደ ሌላው ጎን ታዘነብላለች። «በይ አሁን ተራሽ ነው» ይላታል። ሲጢጥ። መጀመሪያ ይናደድ ነበር። ከዚያ ንዴቱ ተወው። ከዚያ ገና ሳይነጋ ለመሄድ መቸኮል ጀመረ፤ አንጓች «ሁለተኛ ሚስት ያገባህ መሰለኝ» እያለች ነጠላዋን አጣፍታ እስከ በር ትሸኘዋለች። ምሳው ላይ ከዳቦው ፍርፋሪ ያስቀራል። አጎዛውንማ ራሱ እየነጨ ማቀበል ጀምሯል።

ቀስ እያለም የማያውቀውን እያወቀ መጣ። እዚያ ሳንቃ ላይ ተቀምጦ ሲኖር ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚያፏጨው፤ አጎቱ እንዲያ ነው ያስተማረው። ወፏን ለማየት ዓይኑን ገለጠ። ሲገልጥ ዋርካው ፍሬ አፍርቷል። ጉንዳኖች ሰልፍ ይዘው ይወጣሉ። ከታች ሸለቆው ውስጥ፣ ሰው እንኳ ሳያጨስበት፣ አንዳንድ ማለዳ ጥቂት ጉም ያልፋል። ይህን ሁሉ ለአንጓች እየተርበተበተ ሲነግራት፣ እሷ በማዶ በኩል ስታየው እንደ ኖረች ነገረችው። ለምን አልነገርሽኝም ቢላት፣ ሥራዋ መመለስ እንጂ መጀመር አለመሆኑን ነገረችው።

ወፏ ፉጨት አልተማረችም። አልተማረችም ብቻ አይደለም፤ የዘርጋው ፉጨት መሃሉ ላይ መሰንጠቅ ጀመረ። ተርጓሚዎቹ ሰሙና ደነገጡ። በዚያው ሰሞን ጎጆው ውስጥ አንዲት ጫጩት ተፈለፈለች፤ ላባ የላትም፣ ዓይን የላትም፣ አፍ ብቻ ናት። ዘርጋው ለሰው ሁሉ እየዞረ ሲያወራ የአባትነት ደስታ ነበር ፊቱ ላይ። ወሬው ጓንጉል ጆሮ ገባ፤ ሸንጎው ዳግመኛ ተቀመጠ። በአንድ መስመር ላይ ሁለት ወፍ መቆም ስለማይችል፣ ከንባብ ቀን በፊት ዘርጋው ጎጆውን አውርዶ ወፏን ከሸለቆው ያባርር፤ ካላደረገ ግን ሹመቱም ቤቱም ይነሳ ተብሎ ተወሰነ። ጓንጉል ውሳኔውን ራሱ ይዞ መጣ። ጎጆ መክተቻ ጆንያና ረጅም ዘንግም ይዞለት መጣ፤ አሳቢ ሰው ነው አላልኳችሁም?

ዘርጋው ጆንያውን ጭኑ ላይ አድርጎ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ሌላ ሥራ አያውቅም። ማረስ አያውቅ፣ መነገድ አያውቅ፤ ወፍነት ነው የሚያውቀው። ከወፍነት የተሻረ ሰው ምን ይባላል? ሰው መባሉ ነው፤ እሱን ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ሆኖት አያውቅም። ደግሞም ፉጨቱን ይወዳል። የአጎቱ አደራ ነው፣ ሚስቱን ያገኘበት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ማንም ባርኔጣውን አያነሳለትም። ይህን ሁሉ ለአንጓች አንድ በአንድ ዘረዘረላት፤ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ እንዲህ አለችው።

«ውረድ ካሉህ ትወርዳለህ፤ ከቤት ውጡ ካሉን እንወጣለን። እሷን አውርደህ ግን እኔ ጋ እንዳትመጣ።»

ወዲያውም ጨመረች፤ «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች፤ አገሯ ነው።»

የንባብ ቀን ደረሰ። ያን ቀን የመጣ ሕዝብ ስንት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ አፋፉ ሰው ለበሰ። ከጎረቤት አገር እንግዶች ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ። ዘርጋው ገና ድንግዝግዝ ሳለ ዘንጉንና ጆንያውን ይዞ ዋርካው ላይ ወጣ። ወፏ ከጎጆው ዳር ሆና አየችው፤ አልሸሸችም። ለምን ትሸሻለች? የምታውቀው ሰው ነው። እጁን ወደ ጎጆው ሰደደ፤ ጫጩቷ ምግብ መስሏት ጣቱን በአፏ ያዘች። ጣቱን ቀስ ብሎ አስለቀቀ። ጆንያውን አጥፎ ከተረፈው አጎዛ ጋር ከጎጆው ሥር ነፋስ እንዳይገባ ወሸቀላቸው። ከዚያ ሳንቃዋን ለቆ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ሄዶ ቁጭ አለ።

ጓንጉል ማንበብ ጀመረ። ድምፁ ያምራል። የጉሙ መስመር ሲደርስ ክቡር ጉም ገለባውን አጨሰ፤ እንግዶቹ አነጠሱ፣ በጣም ተደነቁ። የፏፏቴው መስመር ሲደርስ ክቡር ፏፏቴ እንስራውን ደፋ፤ «ወገቤን» ሲልም ተሰማ፣ ማንም እንዳልሰማ ሆነ። ቢራቢሮዎቹ ተወዛወዙ፤ አንዱ ክር ተበጥሶ ሾርባ የያዘ እንግዳ ሳህን ውስጥ ገባ። እስካሁን ሁሉ ነገር እንደ ሥርዓቱ ነው።

«ጎህ ሲቀድ ወፏ ከዋርካው ጫፍ ድምጿን አሰማች» አለ ጓንጉል።

ዝም።

ሕዝቡ ወደ ዋርካው አንጋጠጠ። ዘርጋው ከንፈሩ ለፉጨት ሊሾል ሲል ያዘው። ልማድ ክፉ ነው፤ በእጁ ነው የያዘው። ጓንጉል ጉሮሮውን ጠርጎ መስመሩን ደገመ። ዝም። ተርጓሚዎቹን ላብ አጠመቃቸው። ሰውየው ሦስተኛ ጊዜ ሲያነብ ድምፁ ውስጥ ልመና ነበረበት፤ ዘርጋውም አዘነለት፣ በጣም አዘነለት፣ ግን ከንፈሩን አልለቀቀም። ያቺ ቤት ከእጁ ስትወጣ፣ ባርኔጣዎቹ ራስ ላይ ሲቀሩ ታየው። ይሂዱ አለ በልቡ።

ያን ጊዜ ወፏ ጮኸች።

ያ የበር ማጠፊያ ድምፅ ከአፋፍ እስከ አፋፍ ሄደ። አንድ ሕፃን ደንግጦ ጡት መጥባት አቆመ። ጓንጉል መጽሐፉን እያነበበ ከገጹ ላይ ዓይኑን አንስቶ የማያውቅ ሰው ነበር፤ አነሳ። ግራጫዋን ወፍ ጫፉ ላይ አያት። ጎህ ነው፣ ዋርካ ነው፣ ጫፍ ነው፣ ወፍ ናት፣ ድምጿን አሰምታለች። ሰውየው አፉን ከፍቶ ቀረ።

ከማዶ፣ ከድንጋዩ ጀርባ፣ ማንም ሳያዛት አንጓች መለሰች። ሲጢጥ አድርጋ መለሰች። ኧረ ምኑ ቅጡ! አንዲት ጃንጥላ የያዘች እንግዳ ፈገግ አለች፤ ከጎኗ ያለው ሳቀ፤ ሳቁ በአፋፉ ዞረ። ወፏ ደግማ ጮኸች። አሁን አንጓች ብቻ አልመለሰችም፤ ክቡር ፏፏቴ ወገቡን ይዞ ከአለቱ ጀርባ ወጥቶ መለሰ፤ ቢራቢሮዎቹን የሚያወዛውዙት ሴቶች ክራቸውን ለቀው መለሱ፤ አንድ ጥርስ የሌላቸው አዛውንት ከሁሉ አሳምረው መለሱ። ሸለቆው በሙሉ ሲጢጥ አለ። በዚህ ጩኸት መሃል ጫጩቷ ምን እንደሆነ ልታይ ጎጆው ዳር ወጥታ፣ እግሯ እየተብረከረከ፣ ቀጥ ብላ ቆመች። እናቶች ናቸውና ምን ያድርጉ፣ እያጨበጨቡ «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» አሏት።

ስለ ቤቱ አስቀድሜ ልንገራችሁና ልገላገል፤ ካልሆነ እሱን ስታስቡ የሚቀጥለውን አትሰሙኝም። ሸንጎው ኋላ ተቀምጦ፣ ቤቱ የወፍ ቤት ስለሆነና ወፍ ስለመጣች ቤቱ የእሷ ነው ብሎ ወሰነ። ቁልፍ ለመረከብ ተጠርታ ስላልቀረበች ዘርጋውና ሚስቱ ይያዙላት ተባለ። ጓንጉልም በበነጋው ራሱ ዶማ ይዞ የአዳራሹን አንድ መስኮት ሲያፈርስ ታይቷል። ገጹ ይገለበጥበታል፤ በድንጋይ ይዞ ያነባል።

ያን ጠዋት ግን ዘርጋው ይህን ሁሉ አያውቅም። ሹመቱን የጣለ፣ ቤት የሌለው ሰው ሆኖ ዝቅተኛው ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጧል። እጁን ከከንፈሩ ላይ አነሳ። ከአጎቱ ጀምሮ፣ ከአጎቱም አጎት ጀምሮ፣ ሁሉም ጠሪ እንጂ መላሽ ሆነው አያውቁም። ከታች ሕዝቡ ይስቃል፣ ከማዶ ሚስቱ ትጮኻለች። ወፏ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸች፤ ዘርጋውም ጉሮሮውን ሳይጠርግ፣ ዓይኑን ሳይጨፍን፣ በዚያው ባስቀያሚው ድምፅ መለሰላት። እንባው እየወረደ ነበር የመለሰላት። ወፏ አንገቷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ፣ ጎበዝ ተማሪዋን አየችው።